የሙሉነሽ አምባር

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2፣ 2015

ሚስተር ኦካምፖ ለሳይንስ አንድ ደብተር ግዙ አለን። እኔ የገዛሁት ወፍራም ሆነ፣ ከሚያስፈልገኝ በላይ። ስለዚህ ከፊት በኩል የክፍሉን በእንግሊዝኛ፣ ከኋላ በኩል የራሴን በአማርኛ ልጽፍበት አሰብኩ። ሁለቱ መሐል ላይ ሲገናኙ ደብተሩ ያልቃል።

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን በማታ ትምህርት ልጨርስ ብዬ ነው የተመዘገብኩት። ሥራዬ ዌስትቼስተር ያለ ሆቴል እንግዳ ማመላለስ ነው፤ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት። ቀትር ላይ ከሥራ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ሙሉነሽ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ልጃችን ዶርቃ ቶራንስ ከተማ የኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፣ እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ትኖራለች። ትምህርቱን ያስጀመረችኝ እሷ ናት።

«አባዬ፣ ቤት ቁጭ ብለህ ግድግዳ ከምታይ» አለች።

ግድግዳ አላይም ነበር። ግን አልተከራከርኩም።

የዚህ ተርም ርእስ ኤሌክትሪክና ማግኔት ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

ሚስተር ኦካምፖ ፊኛ በሹራቡ አሽቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ፊኛው ሳይወድቅ ቆየ። ቀጥሎ ማበጠሪያ አደለንና ጸጉራችሁን አበጥራችሁ ወደ ቁርጥራጭ ወረቀት አስጠጉ አለ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሩመይሳ ትባላለች። ዲቪ ደርሷት ከደሴ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኮሪያታውን በሚባል ሰፈር ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች። አንቱታዋን ገና አልጣለችም። ማበጠሪያውን አየች፣ የእኔን ራስ አየች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ የለም፣ የእኔ ተሸፍኗል። እኛ ሁለታችን ከሳይንስ ውጪ ነን» አለችኝ።

በሹራቤ እጅጌ አሸነው። ሠራ። ወረቀቶቹ ዘለው ተጣበቁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7

የሥራ ሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ። የሙሉነሽን የስፌት ቆርቆሮ ካረፈች ወዲህ መጀመሪያ ዛሬ ከፈትኩ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የልብስ ስፌት ሱቅ ልብስ ታሳጥርና ታስተካክል ነበር፤ ቆርቆሮው አብሯት ይሄድ ነበር። ክሩ በቀለም በቀለም ተደርድሯል። አንዲት ቀይ የስፒል ትራስ አለች፣ የመዳፍ ግማሽ የምታክል። ስፒሎቹ ላይዋ ላይ አልተሰኩም፣ ተጋድመዋል። መርፌ ስፈልግ ቆርቆሮውን ገለበጥኩት፤ ሁሉም ተበተነ፣ የትራሷ ስፒሎች ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። ደንብ የምታውቅ ሴት ነበረች።

ቁልፉን ሰፋሁት። ጠሞ ቀረ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦ፣ ትንሽ አምፖል። ሽቦው ከባትሪው ወጥቶ ወደ ባትሪው ካልተመለሰ አምፖሉ አይበራም። መሐል ላይ ሳንቲም ሲገባ ይበራል፣ ላስቲክ ሲገባ ይጠፋል። የሚያሳልፍና የማያሳልፍ። እስከዚህ ገብቶኛል።

ከዚያ በኋላ ያወራው አልገባኝም። «ግልጽ ነው?» ሲል ክፍሉ በሙሉ «ኦኬ» አለ። እኔም አልኩ። ሩመይሳ እጇን አወጣችና «እኔ አልገባኝም» አለችው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። አላፈረችም። ሰውዬው እንደገና ከሥሩ አስረዳ። ያን ጊዜ እኔም ገባኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

ዛሬ ማግኔት ልንጀምር ነበር። ከዚያ በፊት የምንፈርምበት ወረቀት ታደለ። አንደኛው ጥያቄ፦ እርስዎ ወይም አብሮዎት የሚኖር ሰው ፔስሜከር አለው?

ሩመይሳ «ፔስሜከር ምንድነው ጋሼ?» አለችኝ።

«ከደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ማሽን ነው። ልብ ስትዘገይ በኤሌክትሪክ ይጎተጉታታል።»

«እንዴት አወቁ?»

«የማውቀው ሰው ነበረው።»

ሚስተር ኦካምፖ ምክንያቱን ተናገረ። ጠንካራ ማግኔት ማሽኑ ላይ ሲጠጋ ሥራውን ያዛባበታል፣ ስለዚህ ከደረት መራቅ አለበት አለ። ይህን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ።

«የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ውሸት አይደለም። አሁን የለም። ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 19

መኪና ውስጥ። እንግዳ እስኪመጣ።

አምባሩ የማግኔት ነበር።

እኔ ነኝ የገዛሁላት።

በግራ እጇ ነበር የምታደርገው።

መጡ። ሦስት ሻንጣ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 22

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ተቀመጥኩ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በ2012 መጸው ላይ ሙሉነሽ ደረቷ ላይ፣ በግራ በኩል ከአጥንቱ ሥር፣ ማሽኑ ተቀበረላት። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጦ ብዙ ነገር አስረዳ። አስተርጓሚ ይጠራ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። እኔ አለሁ አልኩት። እኔ አስተርጓሚ! በየንግግሩ መሐል «ኦኬ፣ ኦኬ» እያልኩ ለሙሉነሽ «ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ ይላል» አልኳት። ከዚያ በላይ ተናግሯል። ከዚያ በላይ እንደተናገረ ያን ጊዜም አውቄያለሁ። በመጨረሻ ትንሽ መጽሐፍ ሰጠን፣ እንግሊዝኛ። ቤት ስንደርስ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። አልገለጥኩትም።

በዚያው ዓመት ለገና ወንድም ብርሃነመስቀል፣ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ የማግኔት አምባር ይሸጥ ነበር። ለደም ዝውውር፣ ለግፊት፣ ለመገጣጠሚያ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አድርገውት ነበር። አንድ ገዝቼ እጇ ላይ አሰርኩላት። አየችው። «ያምራል» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። እስከ መጨረሻው ከእጇ አልወጣም።

ስትተኛ ግራ እጇን ደረቷ ላይ ነበር የምታሳርፈው። ልክ እዚያ ላይ።

ለምርመራ የሄድን ቀን ነርሷ አምባሩን አይታ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ ነበር። ሙሉነሽ ገልብጣ አሳየቻት፣ ነርሷም ሳቀች። ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቅኩም። የሴቶች ነገር መስሎኝ።

ባለፈው ጁን ሱቁ ውስጥ ወደቀች። ሁለት ቀን ሆስፒታል ቆየች። ሐኪሙ ልቧ ደክሞ ነበር አለ። ሌላም አለ። ኦኬ አልኩ። የጋብቻ ቀለበቷንና አምባሩን በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። ፖስታው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ እንደታሸገ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሙሉነሽን የገደልኳት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ጻፍኩት። ወረቀቱ ላይ ሲታይ እንደማንኛውም ጥያቄ ነው።

ዶርቃ ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። ምን ልላት?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 25

ክፍል አልሄድኩም። ሰኞም አልሄድኩም ነበር።

መዝሙረ ዳዊት ከፍቼ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። አላነበብኩትም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 28

ዶርቃ ሳትደውል መጣች። በሩን በራሷ ቁልፍ ከፈተች።

«ፎንህን ለምን አታነሳም? እኔ እኮ እዚህ ወድቀህ መስሎኝ ፍሪዌይ ላይ እያለቀስኩ ነው ድራይቭ ያደረግኩት!»

«ሥራ በዝቶ ነው።»

«ቀትር ላይ ነው የምትወጣው፣ አባዬ። ማንን ነው የምትሸውደው?»

ምስር ይዛ መጥታ ነበር። በላን። ሁለት ጊዜ ልነግራት ጀመርኩ።

«ዶርቃ፣ እናትሽ…»

«እማዬ ምን?»

«ቁልፍ አሰፋፍ አላስተማረችኝም።»

ሸሚዜን አየችና ሳቀች። ቆርቆሮውን አውርዳ ጠማማውን ቁልፍ ፈታችው፣ ደግማ ሰፋችው። እጇ የእናቷ እጅ ነው። ስትጨርስ ቀይዋን ትራስ አንስታ ያዘቻት፣ ለጥቂት ጊዜ።

«ይቺን እንዳትጥላት» አለችኝ።

«ለምን እጥላታለሁ?»

«እንዲሁ። ሰው ዕቃ ሲያጸዳ ይጥላል።»

መልሳ አስቀመጠቻት። ስትሄድ አቀፈችኝ፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ። ልጄን እናት ያሳጣኋት እኔ ከሆንኩ፣ ያ እቅፍ የሌላ ሰው ነው፤ እኔ የተቀበልኩት በስሕተት ነው።

ሰኞ፣ ማርች 2

ሩመይሳ ደወለች። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘች አላውቅም።

«ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ከአንድ ልጅ ጋር አጣመሩኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎኑ ላይ ነው። እባክዎ ይምጡልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።»

እሄዳለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ሄድኩ። ሁለት ማግኔት፣ የሁለቱም የሰሜን ጫፍ ፊት ለፊት። ሩመይሳ ልታገጣጥማቸው ታገለች፤ ተንሸራተቱባት።

«አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው የሚገፋፉት» አለች። «ልክ እንደ እናቴና እንደ አክስቴ።»

ክፍሉ ሲያበቃ ሁሉም እስኪወጡ ጠበቅኩና ሚስተር ኦካምፖ ጋ ሄድኩ። አረፍተ ነገሩን አውቶቡስ ውስጥ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። ማግኔት እስከ የት ይደርሳል? አልኩት።

ፊሊፒኖ ነው፤ እሱም በሰው ቋንቋ የተማረ ነው። አልሳቀም። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ኮምፓስ ሰጠኝ።

«እኔን አትጠይቀኝ፣ ለካው» አለ። «መርፌው ከተነቃነቀ ደርሷል ማለት ነው።»

ጠረጴዛው ላይ በማስመሪያ አሳየኝ። ማግኔቱ ሲጠጋ መርፌው ይዞራል። ትንሽ ሲርቅ ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፣ ከዚያ እጅግ አብልጦ ይወድቃል። አንድ ክንድ ላይ ምንም የለም።

የእሷ እጅና ደረቷ ግን አንድ ክንድ አልነበረም።

ኮምፓሱን ቤት ልውሰደው ወይ? አልኩት። ውሰደው አለ።

ዓርብ፣ ማርች 6

ኮምፓሱ ዳሽቦርዱ ላይ ነው። አንድ እንግዳ «ጠፍተህ ታውቃለህ እንዴ?» ብሎ ቀለደ።

ፖስታውን አላወረድኩም። ትናንትም አላወረድኩም።

እሑድ፣ ማርች 8

አወረድኩት።

ከማውረዴ በፊት ተንበርክኬ ጸለይኩ። የለመድኩትን ጸሎት አልጸለይኩም። «ጌታ ሆይ፣ የሚሻለኝን ሳይሆን የሆነውን አሳየኝ» ነው ያልኩት። ተነስቼ ኮምፓሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መርፌው እስኪረጋ ጠበቅኩ። ፖስታውን ቀደድኩ። ቀለበቷን ለብቻ አደረግኩ። አምባሩን በሁለት ጣት ይዤ አስጠጋሁ።

መርፌው አልተነቃነቀም።

ይበልጥ አስጠጋሁ። አስነካሁት። መስተዋቱ ላይ አስተኛሁት። መርፌው ሰሜኑን እንዳየ ነው። ኮምፓሱ ተበላሽቶ እንዳይሆን ከፍሪጁ ላይ የፒሳ ቤቱን ማግኔት አምጥቼ ሞከርኩ፤ መርፌው ወዲያው ዞረ። ኮምፓሱ ደኅና ነው። አምባሩ ነው ባዶው።

ማመስገን ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ብርሃነመስቀል ተራ ቆርቆሮ ነው የሸጠልኝ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ራሴን ነፍሰ ገዳይ አድርጌ ኖሬ፣ ከዚያ ነፃ የወጣሁ ቀን የያዘኝ መሸወዴ ነው። ይህንንም ጻፍኩት፣ ማን እንደሆንኩ እንዳልረሳው።

እሑድ፣ ማርች 15

ከአምልኮ በኋላ ብርሃነመስቀልን ፓርኪንጉ ውስጥ ያዝኩት። መኪናውን ሊከፍት ሲል።

«ወንድም ብርሃነመስቀል፣ ያኔ የሸጥክልኝ አምባር ማግኔት የለውም።»

«ምን? በጌታ! እኔ የእግዚአብሔርን ሕዝብ አልሸውድም ወንድም ይልቃል። የእኔ እናት እንኳ አድርጋዋለች።»

«ይኸው ኮምፓስ፣ ይኸው አምባሩ። ራስህ ሞክር።»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ «እንዴ፣ ቸርች ውስጥ የጉምሩክ ፍተሻ ተጀመረ?» አለ። ብርሃነመስቀል እጅጌውን ሰበሰበ፤ የራሱን አምባር እስከ ዛሬ ያደርገዋል። ኮምፓሱን ተቀብሎ ወደ እጁ አስጠጋው። መርፌው ተወዛውዞ ወደ እሱ ዞረ።

«አየህ? አሁን ያንተን አምጣ።»

ሰጠሁት። ገለበጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይልቃል፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው። ድንጋዮቹ የት ሄዱ?»

የእሱን አውልቆ ጎን ለጎን አሳየኝ። ከውስጥ በኩል፣ ቆዳ በሚነካው ላይ፣ ስምንት ጥቁር ክብ ነገሮች አሉት፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያሉ። በእሷ አምባር ላይ ስምንት ጉድጓድ ነው ያለው። ከሁለት ዓመት በላይ አብሬው ኖሬ ውስጡን አንድ ቀን አላየሁም።

«ወድቀው ነው?» አልኩት።

«ስምንቱም? ተነቅለው ነው እንጂ። ጠርዙን እየው፣ በሹል ነገር ተጭሯል።»

ጭረቱን አወቅኩት። ስፌት የምትፈታበት ቀጭን ሹል ነበረቻት። ጨርቅ ሳትነካ ክሩን ብቻ የምታወጣበት።

ይቅርታ ጠየቅኩት። በሰው ፊት ስለከሰስኩት በሰው ፊት ነው የጠየቅኩት። እሱም «ተወው ባክህ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝና ያንን አምባር በጨርቅ እንደሚያዝ ውድ ነገር አድርጎ መለሰልኝ።

ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ኮምፓሱን ወደ ቀይዋ ትራስ አስጠጋሁ። ገና ስንዝር ሲቀረኝ መርፌው ዞረ።

አልቀደድኳትም። በጣቴ ከላይ ዳሰስኩ። ስምንት ናቸው።

ለዶርቃ ደወልኩ።

«ትራሷ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፤ አጠፋችው።

«አወቅክ?»

«ዛሬ።»

«አምባሩን የሰጠሃት ዕለት አንተ ስትተኛ ያንን ቡክሌት ከመሳቢያ አውጥታ አንብቢልኝ አለችኝ። ቁጭ ብለን አነበብነው፣ ሁሉንም። ማግኔት የሚለው ጋ ስንደርስ አምባሩን አውልቃ ነቀለቻቸው። እኔ ለአባዬ ልንገረው አልኳት። ተቆጣችኝ።»

«ምን ብላ?»

«አባዬ፣ ይቅር።»

«ምን ብላ ዶርቃ?»

«ከነገርሽው ሐኪሙ ያለው ሁሉ እንዳልገባው እንዳወቅን ያውቃል። ያፍራል። ባላደርገውም ይከፋዋል። ስለዚህ አደርገዋለሁ፣ አንቺም ዝም ትያለሽ አለች። እኔም ዝም አልኩ። ካረፈች በኋላ ደግሞ… እንዴት እንደምጀምረው አላወቅኩም። ሶ፣ ተውኩት።»

ቅዳሜ ነይ አልኳት።

ሰኞ፣ ማርች 16

አልገደልኳትም። ይህን መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ለራሴ ተናገርኩ፣ እንግዳ በሌለበት።

ግን አምባሩ ባዶ የሆነው እኔ አውቄ አይደለም። ለእኔ ቢተው ኖሮ ስምንቱም እጇ ላይ ነበሩ። ያዳናት ሌላ ሰው ነው፤ እኔ የዳንኩትም በሌላ ሰው ነው። የቤቴ ሁለት ሴቶች እኔን ለመጠበቅ ሲሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያነበቡ፣ እኔ አስተርጓሚው ተኝቻለሁ።

«ይከፋዋል» የሚባልለት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሚስቱ ልቧን ከምታስታምም ይልቅ የእሱን ፊት የምታስታምምለት። ይህን ለፈተናው አላጠናም። ግን አሁን የማስበው ይህን ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 18

ፈተና። ሰባ ሁለት አገኘሁ፣ አልፌያለሁ። ሩመይሳ ዘጠና አንድ። ኮምፓሱን መለስኩ። ሚስተር ኦካምፖ «ለካኸው?» አለኝ። ለካሁት አልኩት። ምን አገኘህ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ማርች 21

ዶርቃ መጣች። ትራሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። ከላይዋ አንድ ስፒል አንስቼ ለብቻው ወደ ሌላ ስፒል አስጠጋሁት፤ ያለ ማግኔት ያዘው፣ ብድግ አደረገው። አብሮ ብዙ ከቆየ ብረቱ ራሱ ማግኔት ይሆናል ብዬ አስረዳኋት። በክፍል ተምረነዋል።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ መጽሐፉን ሰጠኋት። ጠርዙ ላይ የሙሉነሽ የክር ቁራጭ አለ፣ ሰማያዊ፣ ገጽ ለመያዝ ያስገባችው።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

«አሁን ምን ያደርግልሃል አባዬ? እኔ በአማርኛ ባጭሩ ልንገርህ?»

«ባጭሩ አልፈልግም። ከመጀመሪያው ገጽ።»

የደብተሬን ፊት ከፍቼ፣ የሳይንሱን፣ እስክሪብቶ ያዝኩ። ማንበብ ጀመረች። አንደኛውን አረፍተ ነገር አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እንደ ሩመይሳ እጄን አወጣሁ።

«ቆይ» አልኳት። «እሱ አልገባኝም።»

ዶርቃ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጣቷን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልሳ ቀስ ብላ አነበበችው።